አስራ ሁለት እሺ

እየሩስ ነጠላዋን በታብሌቷ ላይ ጣል አድርጋ ከካፊያው ከለለችውና ስክሪኑን አየች። አስራ ሁለት ስም፣ በየስሙ አጠገብ አስራ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ። ቀይ የሚባል ነገር የለም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታ፣ ከደምበጫ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ ዝግባ አፋፍ የደረሰችው ይህንኑ በዓይኗ ለማየት ነበርና ደስታዋ ገደብ አጣ።

«አይዞሽ ወለላ!» አለች ወደ ቤቱ በር ዞራ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አስራ ሁለት ሰው እየመጣልሽ ነው!»

ከውስጥ የተሰማው የምጥ ማቃሰት ብቻ ነበር። ወለላ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ከተዳረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ፤ የበኩር ልጇን እያማጠች ነው።

ዝግባ አፋፍ ከመኪና መንገድ የራቀ ጎጥ ነው። አምቡላንስ በክረምት ከወንዙ ማዶ፣ ከጠጠሩ መንገድ ወዲህ አንዲት ስንዝር አይመጣም። ስለዚህ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፣ ወንዙን ትሻገራለች፣ ከዚያ ያን ክፉ አቀበት ትወጣለች። ለዚህ ስምንት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ድሮ ሰው የሚሰበሰበው በጥሪ ነበር። ምስጋናው የሚባል ድምፁ አገር የሚያዳርስ ሰው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

እየሩስ የምትሠራበት ድርጅት ይህንን ወደ ስልክ አዞረው። ጤና ኤክስቴንሽኗ አንዲት ቁልፍ ስትነካ የአስራ ሁለቱ የቃሬዛ ማኅበርተኞች ስልክ ባንዴ ይጮሃል። ሲያነሱት የእየሩስ የራሷ የተቀዳ ድምፅ፣ ለስላሳና ትሁት ሆኖ፣ «በጎጥዎ ምጥ የያዛት እናት አለች። የሚመጡ ከሆነ አንድን፣ መምጣት የማይችሉ ከሆነ ሁለትን ይጫኑ» ይላል። አንድን የተጫኑት ከስምንት ካነሱ ሲስተሙ ራሱ ለጎረቤት ጎጥ ለሾላ ምድር ይደውላል። ስምንት ከሞሉ ግን የሰው አገር ሰው በከንቱ አያስሮጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያኮራት ታዲያ ሲስተሙ አልነበረም። ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብላ መሥራቷ ነበር። ሌላው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የፈለሰፈውን በገበሬ ላይ ሲጭን እሷ አራት ወር ሙሉ ተመላልሳለች። ሣር ላይ ተቀምጣ የካርቶን ስልክ እየሠራች አስጭናቸዋለች። በየጊዜው «ምን ይስተካከል? ምን ይቀየር?» ብላ ጠይቃለች። መልሳቸውም አንድ ነበር፤ «ምን ይወጣለታል! በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን።» እሷም በማስታወሻ ደብተሯ «ተቀባይነት አግኝቷል» ብላ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ብቻ የወለላ አማት ዘቢደር፣ እንግዳ ልትሸኝ አጥሩ ድረስ ወጥታ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር እምቢ የሚል የለም፤ የሚቀር ነው ያለው» ብላት ነበር። እየሩስ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አልጻፈችውም። ማስታወሻ ደብተር የሚይዝ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ጆሮው የወደደውን ነው የሚጽፈው።

ጥሪው የተላለፈው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በግቢው የቆሙት ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ የወለላ ባል ድረስና ሁለት የግድግዳ ጎረቤቶቹ። ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ ቆዳ ተነጥፎበት፣ በላዩ ጋቢ ተጣጥፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ድረስ መሸከሚያውን ይነካና ይተወዋል፣ ተመልሶ ይነካዋል።

ጤና ኤክስቴንሽኗ ወንጌላዊት እጇን እየጠረገች ወጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ልጁ የተጋደመ መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ደምም አለ። እዚህ የሚሆን ነገር አይደለም። አምቡላንሱ ማዶ ደርሶ ቆሟል ብለውኛል። በነዚህ በሦስቱ እንጀምር፤ አራተኛውን ጫፍ እኛ ሴቶቹ እየተቀባበልን እንይዛለን።»

«አቀበቱስ?» አለች እየሩስ።

«እዚያው ስንደርስ እናውቃለን።»

እየሩስ ስክሪኑን አየች። አስራ ሁለት አረንጓዴ። ግማሽ መንገድ ላይ ቃሬዛው ሲወድቅ፣ ወለላ ጭቃው ውስጥ ስትንከባለል ታያት። «ትንሽ እንጠብቅ» አለች። «ሁሉም እሺ ብለዋል እኮ። እየደረሱ ነው። በሦስት ሰው ይዘን ከምንጥላት አስር ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።»

ወንጌላዊት አንዴ ታብሌቱን፣ አንዴ እየሩስን አየች። ከደብረ ማርቆስ የመጣች የተማረች ሰው ናት፤ ነገሩንም የሠራችው እሷው ናት። «እሺ» አለችና ተመልሳ ገባች።

አስሩ ደቂቃ አለፈ። ሌላ አስር ተከተለው። በአጥሩ በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ ሲባል የጎረቤት አህያ ሆነች። ከቤት ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ከማቃሰት አልፎ፣ የሰው የማይመስል፣ የታፈነ ነገር ሆነ። ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እየሩስ ወደ አጥሩ ጥግ ሮጠች፤ ኔትወርክ ደህና የሚገባው እዚያ ነው። ደብረ ማርቆስ ቢሮ ላለው ለሲስተሙ ባለሙያ ለእንዳለ ደወለች።

«ለሾላ ምድር ደውልልኝ! አሁኑኑ!»

«አስራ ሁለት ሰው መጣሁ ብሏል፣ እያየሁት ነው» አለ እንዳለ።

«ሦስት ናቸው የመጡት!»

«ይኸውልሽ፣ ሾላ ምድርን ለመክፈት ይኼን ጥሪ መዝጋት አለብኝ። ስዘጋው ለአስራ ሁለቱም ‹ጥሪው ተሰርዟል፣ ይመለሱ› የሚል ይደርሳቸዋል። መንገድ ላይ ያለ ካለ ይመለሳል። ልዝጋው?»

እንደዚያ እንዲሆን ያዘዘችው እሷ ራሷ ነበረች። ሰው በከንቱ እንዳይደክም ብላ፣ በቅን ልቦና። አሁን ከቀሩት ዘጠኙ ውስጥ ወንዙ ዳር የደረሱ ካሉስ? እሷ በገዛ እጇ ትመልሳቸው?

«ቆይ፣ አጣርቼ ልደውልልህ» አለችና ለየራሳቸው ትደውል ጀመር።

«እንደምን አሉ? እየመጡ ነው?»

«ደረስሁ እኮ የኔ እመቤት!» አለ የመጀመሪያው።

«መጣሁ፣ መጣሁ! አቀበቱ ላይ ነኝ!» አለ ሁለተኛው። ከኋላው በግ ይጮሃል።

«ደረሰ በይኝ!» አለ ሦስተኛው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ያገራችን ሰው። ያን ዕለት እየሩስ እጅ ላይ እሺው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የጠፋው ሰው ነው። እንባዋ መጣ። አራተኛውን ልትደውል ስትል ዘቢደር ከቤት ወጥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ «ወዲህ በይው» አለች።

«እትዬ ዘቢደር፣ ሁሉም እየመጣን ነው ይላሉ…»

«ትመጣለህ ወይ ብለሽ ትጠይቂውና ምን ይበልሽ? ደውይና ስጭኝ።»

እየሩስ ደውላ ሰጠቻት። ዘቢደር የዚያን ሰዓት ጭንቀት ከድምጿ ሙልጭ አድርጋ አወጣችው። ምራቷ ከግድግዳው ወዲያ እየጮኸች እሷ ሰላምታ ታበዛ ገባች።

«እንዴት ዋልህ የኔ ጌታ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ገበያው እንዴት ነው ዛሬ?»

«ደህና ቆሟል እትዬ ዘቢደር! በጉ ግን ገዥ አጣ፣ ዝናቡ…»

«በደህና ግባ» አለችና ስልኩን መለሰች። «ደምበጫ ገበያ ነው። ሌላውን።»

ለሌላው «በሬው ተሸጠልህ?» አለችው። ገና አልተሸጠም። ለቀጣዩ «ሳትረሳ ጨው ያዝልኝ» አለችው፤ እይዛለሁ አላት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተኛ ወንድም ላለው «በሽተኛችን እንዴት አደረ?» ስትለው «ደህና ነው፣ አጠገቡ ነኝ» ሲል መለሰ። አንዱንም «ትመጣለህ ወይ» ብላ አልጠየቀችም፤ «ለምን ዋሸህ» ብላም አላሳፈረችም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ያሉበት አስቀመጠቻቸው፤ ሰባቱ ገበያ፣ አንዱ ሆስፒታል፣ ሦስቱ እዚህ።

ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ምጥ ላይ ስላለች ሴት ተጠርቶ «አልመጣም» ማለት እዚያ አገር ከእርግማን አይተናነስም። እያንዳንዱ «እኔ ባልደርስ አስራ አንዱ አሉ» ብሎ አንድን ተጫነ። እሺው ለወላዷ አክብሮት ነበር። እየሩስ አክብሮቱን ሰው ነው ብላ ቆጠረችው።

«ዝጋው!» አለች ለእንዳለ መልሳ ደውላ። «የሚመለስ የለም! ሾላ ምድርን ጥራ!»

ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። እንዳለ ሲመለስ ድምፁ ወርዶ ነበር። «አይገባም እየሩስ። የሾላ ምድር ስልኮች በሙሉ ዝግ ናቸው። ዝናቡ ኔትወርኩን ወስዶታል መሰለኝ።»

ዘቢደር ይህን ስትሰማ አልተገረመችም። «አስራ ሁለተኛው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ምስጋናው።»

«ምስጋናው ቤቱ ነው ያለ። ሂጅ አስነሽው።»

የምስጋናው ግቢ ከዘቢደር ቤት ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። እየሩስ ስትደርስ ሰውየው ከአጥሩ ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን በመዳፉ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቷል። የወለላ ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማል።

«አያ ምስጋናው!»

«አንድን ተጭኛለሁ» አላት ቀና ሳይል።

«አይቻለሁ። ታዲያ ለምን አልመጡም?»

ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ያበጠ ጉልበቱን አሳያት። «ይኼ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ መሸከም አልችልም። ግን በዚያ ባማረ ድምፅሽ እናት ምጥ ላይ ናት እያልሽኝ ሁለትን ልጫን? እንዴት ብዬ?»

«ስንመዘግብዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ትችላለህ ብለሽ አልጠየቅሽኝማ። ትሸከማለህ ወይ አልሽኝ። እሺ አልሁሽ።»

ሰው በጥፊ ሲመታ እንኳ እንዲህ አይደነግጥም። ሃያ ዓመት አገር የጠራን ሰው ከቋጥኙ አውርዳ፣ ስልክ አስይዛ፣ በማይችለው ሥራ መዝግባው ኖሯል። ለይቅርታም ጊዜ አልነበረም። ክንዱን አንገቷ ላይ ጣለችና «ይጥሩልኝ» አለችው። «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይጥሩልኝ!»

ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ግማሹን መንገድ ተሸክማው ማለት ይቻላል፣ ቋጥኙ ላይ አወጣችው። ምስጋናው ሁለት እጁን አፉ ላይ ገጥሞ ደረቱን ነፋ።

«የሾላ ምድር ሰው ሆይ! ኧረ የሾላ ምድር ሰው! ወላድ በምጥ ተይዛለች! ቃሬዛው ሰው አጥቷል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ድምፁ ሸለቆውን ወርዶ ማዶ ካለው ገደል ገጨ። ጭጋጉ እንደተኛ ነው። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። እየሩስ ትንፋሿን ይዛ ትሰማለች፤ የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ሲጠራ ድምፁ ተሰነጠቀ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ቀጭን ሆኖ መጣ። «ሰምተናል! ሰም…ተናል!»

ምስጋናው ቋጥኙ ላይ ተቀመጠ። እየሩስ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ስድስት የሾላ ምድር ወንዶች ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ላብና ዝናብ እያንጠባጠቡ ወንዙ ድረስ መጥተው ሦስቱና ሴቶቹ ያወረዱትን ቃሬዛ ተቀበሉ። አቀበቱ የሰው ወገብ ሰበረ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ፣ ሁለቱንም ጊዜ ድረስ በጉልበቱ ተደፍቶ ቃሬዛውን በትከሻው አዳነው። ዘቢደር ከጎን ከጎን እየሮጠች የምራቷን እጅ አልለቀቀችም። እየሩስ ከኋላ ትከተላለች፤ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ጠጠሩ መንገድ ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ወለላ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር። አልተነፈሰም።

«ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ» ያለ ሰው የለም። ሐኪሟም አላለችም፣ ወንጌላዊትም አላለችም፣ ድረስም አላለም። ሁሉም «የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ፤ ዘቢደር ጭራሽ «ደክመሽልናል፣ እግዜር ይስጥሽ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። እየሩስ ግን ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ ምስጋናው ጥሪ ድረስ ያለችውን እያንዳንዷን ደቂቃ ታውቃታለች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በሳምንቱ ሲስተሙ ራሱ ያዘጋጀው ሪፖርት «ዝግባ አፋፍ፦ ምላሽ መቶ በመቶ» ብሎ ለአለቃዋ ደረሰ። አለቃዋም «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ጻፈላት።

አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ተመለሰች። ታብሌቱን ትታ ካርቶንና እስክሪብቶ ብቻ ይዛ ነበር። ሰዎቹ በዘቢደር ግቢ ተሰበሰቡ፤ ምስጋናው ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ገበያ የነበሩትም ዓይናቸውን ሰብረው ተቀመጡ። እየሩስ አዲሱን አሳየቻቸው። ስልኩ ከእንግዲህ «ይመጣሉ ወይ» አይልም። «የት ነዎት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ጎጥ ውስጥ ከሆኑ አንድ፣ ገበያ ከሆኑ ሁለት፣ ሩቅ ከሆኑ ሦስት። ለዚህ ስድስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች።

«ምን ይቀየር?» አለች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ አንዱ።

«እግዜር ይስጥልን» አለ ሌላው። «አሁንስ ሞላ።»

እየሩስ ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ግቢ፣ አራት ወር ሙሉ ሰምታዋለች።

«ጥሩ አይደለም።»

ሁሉም ዞረ። ወለላ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛዋለች፤ ምራት በአማት ደጅ፣ በሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ አትናገርም። ድረስ ሊያስቆማት አፉን ሲከፍት ዘቢደር በዓይኗ ያዘችው።

«ገበያ ያለ ሰው ያኔም ገበያ ነኝ አላለም፤ አሁንም አይልም» አለች ወለላ። «እሱን ስለራሱ ለምን ትጠይቁታላችሁ? እኛን ጠይቁን። ጠዋት ውኃ ስንቀዳ መንገዱ ፊታችን ነው። ማን አህያውን ጭኖ እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ የምናይ እኛ ነን። ስልኩ መጀመሪያ ለሴቶቹ ይደወል፣ እኛ እንቁጠር። ከጎደለ ለአያ ምስጋናው ይደወል፣ እሳቸው ይጥሩ።»

የምስጋናው ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

ወለላ ወደ እየሩስ ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ያን ቀን ተኝቼ ስሰማሽ ነበር» አለቻት። «ወንጌላዊት እንሂድ ስትል ልነሳ ብዬ ነበር። በእጄና በእግሬም ቢሆን ልሄድ ብዬ። አንች ግን አስቀድመሽ አስራ ሁለት ሰው እየመጣልሽ ነው ብለሽኝ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር። አመንሁሽና ተኛሁ።»

እየሩስ ይቅርታ ብላ ልታቀርበው ከደብረ ማርቆስ ይዛው የመጣችው ቃል ሁሉ ከዚህ በታች ሆነባት። ከአርባ ቀን በኋላ እውነቱን በፊቷ ያኖረችላት፣ ልጇን የቀበረችው ይህች ልጅ ናት።

ስድስት ሳምንት የደከመችበትን ካርቶን አነሳች። ገለበጠችው። ባዶውን ገጽ መሬት ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን ለወለላ አቀበለቻት።

«ሌላስ?» አለች። «ሌላስ ምን ጥሩ አይደለም?»

ወለላ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አለች።